ቱርቦ ብቻውን አይሞትም

የቤተሰብ መኪናውን ይዞ ጋራዥ የገባ ሰው ከመካኒክ አፍ መስማት የማይፈልገው ቃል ቢኖር «ቱርቦው አልቋል» የሚለው ነው። ወጪው ራሱ ያስደነግጣል፤ ይበልጥ የሚያሳዝነው ግን ቀጥሎ የሚመጣው ነው። አዲስ ቱርቦ ይገዛል፣ ይገጠማል፣ መኪናው እንደ ድሮው ይሮጣል፤ ጥቂት ወራት ሳይቆይ ያው ፉጨት፣ ያው ሰማያዊ ጭስ፣ ያው የጉልበት ማነስ ተመልሶ ይመጣል። ባለቤቱ «ፎርጅድ ዕቃ ሸጡልኝ» ይላል። ሻጩ መካኒኩን ይወቅሳል፣ መካኒኩ ደግሞ አነዳዱን። ሁለተኛው ለምን እንደሞተ ሳይታወቅ ሦስተኛው ይታዘዛል።

ባለፉት ሃያ ዓመታት በቤተሰብ ኤስዩቪዎች ላይ የታወቁትን የቱርቦና የሞተር ብልሽቶች ጎን ለጎን አድርጎ ለሚያይ ሰው አንድ ነገር ደጋግሞ ይታየዋል፤ ቱርቦው በአብዛኛው ተጎጂ ነው። ገዳዩ ሌላ ቦታ፣ ብዙውን ጊዜ በዘይቱ መንገድ ላይ ይገኛል። ቱርቦ ለውጦ ዘይቱን ሳይመረምሩ መቅረት አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

ቱርቦ በአንድ ዘንግ ሁለት ጫፍ ላይ የተተከሉ ሁለት ክንፋም መዘውሮች ናቸው። አንዱን ከሞተሩ የሚወጣው የጋለ ጭስ ያሽከረክረዋል፤ ሌላው በዚያው ኃይል ንጹሕ አየር ስቦና አምቆ ወደ ሞተሩ ይገፋል። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ፣ በትንንሾቹ ላይ ከ200,000 በላይ ይሽከረከራል። በቤንዚን ሞተር ላይ በጭሱ በኩል ያለው ጎን ወደ 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊጠጋ ይችላል። በብዙዎቹ ቱርቦዎች ውስጥ ባለ ኳስ ኩሽኔታ የለም፤ ዘንጉ የሚንሳፈፈው ውፍረቱ በሚሊሜትር መቶኛ በሚለካ የዘይት ንጣፍ ላይ ነው። ለቱርቦው ተብሎ የተለየ ዘይትም የለም። ፒስተኑን ያለሰለሰው፣ ካቴናውን ያጠበው፣ ጥላሸቱን የተሸከመው ያው የሞተር ዘይት ነው በቀጭን ቧንቧ ወጥቶ እዚያ እሳት ጎን የሚደርሰው። የዘይቱ ግፊት ለአፍታ ቢወርድ ሞተሩ ሊታገሥ ይችላል፤ ቱርቦው ላይ ግን ብረት ከብረት ይነካካል። ሞተሩ ውስጥ የተደበቀ ሕመም አስቀድሞ ቱርቦው ላይ የሚታየው ለዚህ ነው።

መሣሪያው ሲፈለሰፍ የቤተሰብ መኪና ዕቃ አልነበረም። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቢዩሺ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 የጄኔራል ኤሌክትሪክ ባለሙያው ሳንፎርድ ሞስ አንድ የአውሮፕላን ሞተር አስጭኖ ኮሎራዶ ውስጥ ወደሚገኘው ፓይክስ ፒክ ተራራ፣ 4,300 ሜትር ያህል ከፍታ ድረስ ወጣ። በባሕር ወለል 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር እዚያ ላይ ወደ 230 ወርዶ ነበር፤ ቱርቦው ሲገባለት 356 ሰጠ። ይህ ሙከራ ለእኛ የሩቅ ታሪክ አይደለም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ሲደርስ ከጉልበቱ ሩብ ገደማውን ያጣል። ቱርቦ ያለው ያካክሰዋል፤ ግን ስሱን አየር ለማመቅ ዘንጉ ጅቡቲ ወደብ ላይ ከሚሽከረከረው በበለጠ ፍጥነት መሽከርከር አለበት። ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚሄደው የአየር ቱቦ ትንሽ ቢቀደድ ደግሞ የጎደለውን ለመሙላት ፍጥነቱ ይበልጥ ይጨምራል። በደጋ ከተማ የተቀደደ የአየር ቱቦ ችላ ብሎ መንዳት ቱርቦን ከሚጎዱ ነገሮች አንዱ ነው፤ ቱቦው ራሱ ግን ከቱርቦው ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ኢምንት ነው።

ለሕዝብ በሚሸጡ መኪኖች ላይ ቱርቦ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1962 በኦልድስሞቢል ጄትፋየርና በሸቭሮሌ ኮርቬር ነው። ጄትፋየር ሞተሩ እንዳይንኳኳ ውሃና ሜታኖል የተቀላቀለበት ልዩ ፈሳሽ ይፈልግ ነበር። ብዙ ባለቤቶች መሙላቱን ተዉት፤ ኩባንያው በመጨረሻ ቱርቦውን እያወጣ በተራ ካርቡሬተር እስከ መተካት ደረሰ። ልዩ እንክብካቤ የሚሻ ማሽን ሥራ በበዛበት ቤተሰብ እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን ያኔም ታይቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ግን የነዳጅ ቁጠባና የጭስ ሕጎች ሲጠብቁ ብዙ አምራቾች ወደዚያው ተመለሱ፤ ትልቁን ሞተር በትንሽ ሞተርና በቱርቦ ተኩት።

ከዚህ ዘመን ታሪኮች ሁሉ እጅግ አስተማሪው ፔጆ ሲትሮኤንና ፎርድ በሽርክና የሠሩት 1.6 ሊትር የናፍጣ ሞተር ይመስለኛል። በፔጆ፣ በሲትሮኤን፣ በፎርድ፣ በቮልቮ፣ በማዝዳና በሚኒ ውስጥ ገብቷል፤ የመጀመሪያው ፔጆ 3008ም ይዞት ወጥቷል። ችግሩ ከቱርቦው ርቆ ይጀምራል። ኢንጀክተሩ ቴስታታው ላይ የሚቀመጥበት የመዳብ ዋሸር ማሳለፍ ሲጀምር የሚቃጠለው ጋዝ በጎን ያመልጣል፤ ጥላሸቱም ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ዘይቱ እየወፈረና እየጠቆረ ሄዶ ኮፓው ውስጥ ዝቃጭ ይሆናል፤ ዝቃጩ የዘይት ፖምፓው የሚመጥበትን ወንፊት ይደፍናል። ወደ ቱርቦው የሚሄደው ቧንቧ ጫፍ ላይ ደግሞ ሌላ ጥቃቅን ቀዳዳ ያላት ወንፊት ነበረች። ቱርቦውን ከቆሻሻ እንድትጠብቅ የተቀመጠችው ይህች ወንፊት ስትደፈን ቱርቦው ዘይት አጥቶ ይደርቃል።

እንግዲህ ባለቤቱ አዲስ ቱርቦ ገዝቶ በአሮጌው ቧንቧ፣ በአሮጌው ወንፊትና ዝቃጭ በተሞላ ኮፓ ላይ ቢያስገጥም ምን ይሆናል? አዲሱም በዚያው መንገድ ይሞታል። አሟሟቱ ደግሞ ፈጣን ነው። የአውሮፓ ቱርቦ አቅራቢዎች በዚህ ሞተር ላይ ቧንቧውና ወንፊቱ ካልተቀየረ፣ ኮፓው ወርዶ ካልታጠበ ዋስትና አንሰጥም እስከ ማለት የደረሱት የተመለሰላቸውን ቱርቦ ከፍተው ስላዩ ነው። ዕቃው ደህና ነበር፤ የደረሰው ዘይት ነው ያልበቃው።

የዚህ ሕመም ዘመድ በእኛም መንገድ ላይ አለ። በቶዮታ ፕራዶ ላይ የተገጠመው 3.0 ሊትር ዲ-ፎር-ዲ የናፍጣ ሞተር በተለይ በአውስትራሊያ በዚሁ ችግር ታውቋል፤ የኢንጀክተሩ መቀመጫ ያሳልፋል፣ ጥላሸቱ ዘይት ውስጥ ይገባል፣ የኮፓው ወንፊት ይደፈናል። እዚያ ላይ ብዙ ጊዜ ከቱርቦው አልፎ ብሮንዚኖቹ ይያያዛሉ፤ ሞተሩ በሙሉ ይሄዳል። ፕራዶ ጠንካራ መኪና ነው መባሉ እውነት ነው። ጥንካሬው ግን ከዋሸርና ከወንፊት ነጻ አያደርገውም። እነዚህን ዋሸሮች በጊዜ መቀየር ከአንድ የሞተር ጥገና ጋር ሲነጻጸር የሚቆጠር ወጪ አይደለም፤ ሆኖም ሞተሩ «ደህና እየሠራ» እያለ ማን ኢንጀክተር ያስወርዳል? እዚህ ላይ ባለቤቱን ብቻ መውቀስ ይከብደኛል፤ ማንም ቀድሞ ካልነገረው ሊያውቀው አይችልም።

ማዝዳ ሲኤክስ-7 ሌላው የሚታወቅ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ገበያ ሲወጣ የተሰጠው 2.3 ሊትር ባለ ቱርቦ የቤንዚን ሞተር በማዝዳ ስፖርት መኪኖች ውስጥ ያለው የዚያው ቤተሰብ ሞተር ነበር፤ 244 የፈረስ ጉልበት ያወጣል። ልጆችን ትምህርት ቤት የሚያደርስ መኪና የስፖርት መኪና ልብ ተተከለበት ማለት ነው። ጠዋት ሲነሣ ከፊት በኩል የሚሰማው የካቴና መንኳኳት፣ የካቴናው መለጠጥ፣ ከዚያም በጭስ ማውጫው የሚወጣው ዘይት የሸተተው ጭስ በባለቤቶቹ ዘንድ የታወቀ ሆነ። እነዚህ ሦስት የተለያዩ ብልሽቶች ይመስላሉ። ነገር ግን ካቴናውን የሚወጥረው መሣሪያ የሚሠራው በዘይት ግፊት ነው፤ የቫልቮላዎቹን ጊዜ የሚያስተካክለው ክፍልም በዘይት ግፊት ነው፤ ቱርቦውም እንዲሁ። ሞተሩ ዘይት እየበላ ባለቤቱ የዘይት መለኪያውን ሳይመዝ የቅያሬ ቀን ሲጠብቅ፣ ሦስቱም አንድ ላይ ይጎዳሉ።

ጭሱም ቢሆን ሁልጊዜ የቱርቦው ማለቅ ምልክት አይደለም። ቱርቦ ውስጥ ዘይቱን አጥብቆ የሚይዝ የጎማ ማሸጊያ የለም፤ ዘይቱ እንዳይወጣ የሚያደርጉት ቀጫጭን የብረት ቀለበቶችና በሁለቱ ጎን ያለው የጋዝ ግፊት ናቸው። የሞተሩ መተንፈሻ ሲደፈን ኮፓው ውስጥ ግፊት ይጠራቀማል፤ ከቱርቦው በራሱ ክብደት ወርዶ ወደ ኮፓው መመለስ የነበረበት ዘይት መውረጃ ያጣል፤ በቀለበቶቹ በኩል ወደ ጭስ ማውጫው ይወጣል። በዚህ ሁኔታ ቱርቦ መቀየር ጭሱን አያቆመውም። ማዝዳ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2010 ሞዴል ለሲኤክስ-7 ቱርቦ የሌለው 2.5 ሊትር ሞተር ጨመረለት፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ የተካው ሲኤክስ-5 ደግሞ በቤንዚን በኩል ያለ ቱርቦ ነበር የጀመረው።

ዘይት የሚጠፋው በመቃጠል ብቻ አይደለም፤ ነዳጅ ሲቀላቀልበትም ኃይሉን ያጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ሆንዳ ሲአር-ቪ 1.5 ሊትር ባለ ቱርቦ ሞተር ነበረው፤ በቻይና ሰሜናዊ ክፍልና በሰሜን አሜሪካ ብርዳም ግዛቶች የዘይቱ መጠን በመቀነስ ፈንታ እየጨመረ ባለቤቶቹን ግራ አጋባ። ቤንዚኑ በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ ይረጫል፤ ሞተሩ ሳይሞቅ አጭር መንገድ ተነድቶ ከቆመ ያልተቃጠለው ቤንዚን በፒስተኑ ፋሻ አጠገብ ወርዶ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ2018 በቻይና ሽያጩን እስከ ማቋረጥ ደርሶ ነበር፤ በአሜሪካም በኋላ ዋስትናውን አራዝሟል። ሚኒሶታ ውስጥ ለሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ይህ የዕለት ጉዳይ ነው፤ በክረምት ከቤት ወደ ሥራ አሥር ደቂቃ ነድቶ ማቆም ለእንዲህ ዓይነት ሞተር ረጅም ጉዞ ከመሄድ ይከፋል። በናፍጣ በኩል ደግሞ ጥላሸት ማጣሪያው ራሱን ለማቃጠል ተጨማሪ ናፍጣ ሲረጭ ተመሳሳይ ነገር ይደርሳል። ማዝዳ የሲኤክስ-5 ናፍጣ ሞተር የዘይት መለኪያ ላይ ከሙሉው መስመር በላይ የኤክስ ምልክት ያስቀመጠው ዘይቱ እንደሚጨምር ስለሚያውቅ ነው። ዘይት ጨመረ ብሎ መደሰት አይገባም፤ የጨመረው ነዳጅ ነው።

ከንድፍ ስህተቶች ሁሉ ይቅርታ ለማድረግ የሚከብደኝ ዘይት ውስጥ የሚሽከረከረው ቀበቶ ነው። ፔጆ 2008ንና 3008ን ጨምሮ በብዙ መኪኖች ላይ ያለው 1.2 ሊትር ፒዩርቴክ ሞተር የጎማ ቀበቶውን ዘይት ውስጥ አስገብቶታል። ነዳጅ የተቀላቀለበት ዘይት ቀበቶውን ያላሽቀዋል፤ ብጣሹ ሄዶ የዘይት መምጠጫውን ወንፊት ይዘጋል። ኩባንያው በመጨረሻ ዋስትናውን እስከ 10 ዓመት ወይም 175,000 ኪሎ ሜትር አራዝሟል። ባለቤቱ ምንም ቢጠነቀቅ ከፊሉ ጥፋት ከመኪናው ጋር አብሮ የተሸጠ ነው።

ከፋብሪካ የሚመጣ ጥፋትም አለ፤ በዚህ ላይ ቱርቦውን መወንጀል ፍጹም ስህተት ነው። በሃዩንዳይ ሳንታ ፌ እና በኪያ ሶሬንቶ ውስጥ የገባው ቴታ 2 የተባለው ሞተር፣ ቱርቦ ያለውም የሌለውም፣ ክራንክ ሻፍቱ ሲሞረድ የቀረ ብናኝ ብረት የዘይት መንገዱን እየዘጋ ብሮንዚን ያያይዝ ነበር። ጉዳዩን ያጋለጠው የሃዩንዳይ መሐንዲስ የነበረው ኪም ጓንግ ሆ ነው፤ የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2020 ሁለቱን ኩባንያዎች በድምሩ 210 ሚሊዮን ዶላር የሚያስከፍል ስምምነት አስፈርሟል፤ በቀጣዩ ዓመት ለመሐንዲሱ ከ24 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰጠው። ቶዮታም ከዚህ አላመለጠም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 በአሜሪካ 102,000 ያህል ቱንድራና ሌክሰስ ኤልኤክስ መኪኖችን ለጥገና መልሶ የጠራው ሁለት ቱርቦ ያለው የቪ6 ሞተሩ ውስጥ በቀረ የማሽን ብናኝ ምክንያት ነው። አዲሱ ላንድ ክሩዘር 300ም የሚጠቀመው የዚያው ቤተሰብ ሞተር ነው። ስመ ጥር ኩባንያ መሆን ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ቀጥታ የሚረጩ ትንንሽ ባለ ቱርቦ የቤንዚን ሞተሮች አንድ ሌላ ጠላት አላቸው። ከፍ ባለ ማርሽ፣ ዝግ ባለ ዙር ቤንዚን ረግጦ ሽቅብ ሲወጣ ነዳጁ ካንዴላው ሳይተኩስ አስቀድሞ ይነድና ፒስተን ይሰብራል። መፍትሔው ከፊሉ ዘይቱ ላይ ተገኝቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ኤፒአይ ኤስፒ የተባለው የዘይት ደረጃ ይህንንም የካቴና መበላትንም ታሳቢ ያደረገ ነው። ዘይት ሲገዙ ጀሪካኑ ላይ ይህን ጽሑፍ መፈለግ ተገቢ ነው። ዳገት ላይ ማርሽ መቀነስ ደግሞ ምንም አያስከፍልም።

ስለ ቱርቦ ከሚሰጡ ምክሮች በጣም የሚደጋገመው «ከማጥፋትህ በፊት ሁለት ደቂቃ አቁመህ አሠራው» የሚለው ነው። ከዓባይ በረሃ ተጭኖ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ወጥቶ ጎሐ ጽዮን ላይ ለሚቆም ሰው ይህ ትክክል ነው፤ በጋለው ቱርቦ ውስጥ የቀረ ዘይት ተቃጥሎ ከሰል ይሆናል። ከመገናኛ እስከ ቦሌ በመንገድ መጨናነቅ ሲጎተት ለዋለ መኪና ግን ብዙም ትርጉም የለውም። ይህን ምክር በየቀኑ በጥንቃቄ እየፈጸመ ዘይቱን ከጊዜው በላይ የሚያቆይ ሰው ትንሹን ጠብቆ ትልቁን ጥሏል። በአውሮፓ አንዳንድ አምራቾች እስከ 30,000 ኪሎ ሜትር ወይም ሁለት ዓመት ዘይት አይቀየርም ይላሉ። ያው የባለቤት መመሪያ መጽሐፍ ገልበጥ ሲደረግ «ለከባድ አጠቃቀም» የሚል ክፍል አለው፤ አቧራ፣ አጭር ጉዞ፣ ቆሞ መሥራት፣ ተራራማ መንገድ። ይህ የእኛ ሀገር የዘወትር አነዳድ ነው። 5,000 ኪሎ ሜትር ላይ መቀየር የሚለውን የጋራዦቻችንን ልማድ ጊዜ ያለፈበት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ለባለ ቱርቦ ሞተር ትክክል ነው እላለሁ።

በኢትዮጵያ ይህ ጉዳይ ከሌላው ዓለም ይልቅ የሚከብድበት ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። አሁን በመንገዱ ላይ ያለው ባለ ቱርቦ መኪና የሚተካው በሌላ ባለ ቱርቦ መኪና አይደለም፤ ባለቤቱ አቅፎ ደግፎ ረጅም ዘመን ሊያቆየው ነው። መለዋወጫውም የሚመጣው ከብዙ እጅ አልፎ ነው። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ያገለገለ ሆኖ የገባ መኪና ደግሞ በምን ዘይት፣ በስንት ኪሎ ሜትር ሲቀየርለት እንደኖረ የሚነግር ሰነድ እምብዛም አብሮት አይመጣም። እንዲህ ያለ መኪና የገዛ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ኮፓውን አስወርዶ ወንፊቱን በዓይኑ ቢያይ የጥርጣሬውን ግማሽ ይገላገላል።

በናፍጣ ሞተር ላይ አንድ አደጋ ሁሉም የቤተሰቡ አባል ሊያውቀው ይገባል። ያለቀ ቱርቦ ዘይቱን ወደ ሞተሩ መግቢያ ሲያፈስ ሞተሩ የራሱን ዘይት እንደ ነዳጅ መጠቀም ይጀምራል፤ ቁልፍ ቢያጠፉትም አይጠፋም፣ ዙሩ ብቻ ይጨምራል፣ መንገዱ በነጭ ጭስ ይሞላል። ማንዋል ማርሽ ከሆነ ፍሬኑን አጥብቆ ረግጦ በትልቁ ማርሽ ፍሪሲዮኑን መልቀቅ ሞተሩን ያንቀዋል። አውቶማቲክ ከሆነ ሰዎቹን አውርዶ መራቅ ነው። የአየር መግቢያውን በእጅ ለመክደን መሞከር ግን ጣት ያስቆርጣል።

ጋራዥ ሲገቡ ታዲያ መጠየቅ ያለበት «ቱርቦው ስንት ነው?» ከሚለው በፊት ሌላ ነው። የወጣው ቱርቦ ለባለቤቱ ይታይ፤ ዘንጉ ተቃጥሎ ወደ ሰማያዊ ከተለወጠ ዘይት አጥቷል፣ ክንፎቹ ከተበሉ አቧራ ወይም ባዕድ ነገር ገብቷል፣ ክንፉ ደህና ሆኖ ዘይት ብቻ ካፈሰሰ መተንፈሻውና የመመለሻ ቧንቧው ይፈተሽ። የዘይት ግፊቱ በመለኪያ ይለካ። ወደ ቱርቦው የሚሄደው ቧንቧ አይታጠብ፣ ይቀየር። ከአሮጌው ቱርቦ የወጣው ዘይትና ስብርባሪ የተጠራቀመበት፣ በቱርቦውና በሞተሩ መካከል ያለው የአየር ማቀዝቀዣ (ኢንተርኩለር) ወርዶ ይጽዳ፤ ካልጸዳ ቁርጥራጩ ወደ ሞተሩ ይሄዳል። አዲሱ ቱርቦ ሲገጠም ደግሞ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ዘይት በእጅ ይሞላበት፤ በደረቅ ዘንግ የሚሽከረከርባቸው የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ዕድሜውን ያሳጥሩታልና። ይህን ሁሉ የሚያደርግ መካኒክ ለሥራው የበለጠ ዋጋ ቢጠይቅ ሊከፈለው ይገባል፤ የሚያስከፍለው ለቱርቦው መሞት ምክንያት የሆነውን ፈልጎ ለማግኘት ነው።